የግራፊክስ ካርድዎን ፋን ማን ያዝዘዋል? በሃርድዌርና በሶፍትዌር የመቆጣጠር ዝርዝር መመሪያ

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጅ አለኝ። ጥር ሲገባ ሥራው ይደራረብበታል፤ ማታ የጨረሰውን ቪዲዮ ሬንደር ላይ (ማሽኑ ቅንብሩን ወደ አንድ ቪዲዮ ፋይል በሚለውጥበት ሥራ ላይ) ጥዶ ይተኛና ጠዋት ለደንበኛው ያስረክባል። አንድ ቀን ግን ሲነሣ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነበር። ጠርቶኝ ስሄድ የኬዙ የጎን ሽፋን እንደ ምጣድ ግሏል፤ ግራፊክስ ካርዱ 84 ዲግሪ ላይ ደርሶ ራሱን ለማዳን የሥራ ፍጥነቱን ቀንሷል፤ ፋኖቹ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በ30 በመቶ ቀስ ብለው ይዞራሉ። የፋን መቆጣጠሪያው ፕሮግራም ምልክት ከሰዓቱ አጠገብ ይታያል፤ ሲጫኑት ግን አይከፈትም። ማሽኑ ከእንቅልፍ ሁነታ ሲነቃ ፕሮግራሙ ደርቆ ቀርቶ ነበር፤ ካርዱም የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደያዘ አዲስ ትእዛዝ ሲጠብቅ አደረ።

በሃርድዌርና በሶፍትዌር ስለሚደረግ የፋን ቁጥጥር ሲነሣ ሰዎች የሚጠይቁት «የትኛው ይሻላል?» ብለው ነው። እኔ ከዚያ ጠዋት ወዲህ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፕሮግራሙ ሲሞት ፋኑን ማን ያዝዘዋል? የዚህን መልስ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ዘዴዎች ያለ ስጋት ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ የማያውቅ ሰው ግን የቱንም ያህል ያማረ ከርቭ (በየትኛው ሙቀት ፋኑ ምን ያህል እንዲዞር የሚወስን መስመር) ቢሥል ካርዱን ለዕድል ትቶታል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የተጻፈውም በዋናነት ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ ነው፤ ስለ ሊኑክስ ግን በቦታው ጥቂት ተብሏል።

ትእዛዙ እስከ ፋኑ ድረስ እንዴት እንደሚሄድ

በዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ ላይ ያለው ፋን አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦ አለው። አንዱ ግራውንድ ነው፤ ሁለተኛው 12 ቮልት ያደርሳል፤ ሦስተኛው ፋኑ በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ለካርዱ ይናገራል፤ አራተኛው ትእዛዝ የሚመጣበት ነው። በአራተኛው ሽቦ የሚሄደው ምልክት በሴኮንድ 25,000 ጊዜ ገደማ ይበራል ይጠፋል፤ ከእያንዳንዱ ዑደት ውስጥ በርቶ የሚቆይበት ድርሻ ነው በፕሮግራሞች ላይ በመቶኛ ተሰልቶ የሚታየን። ድግግሞሹ ይህን ያህል ከፍ ያለው የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 በላይ የሆነ ንዝረት ስለማይሰማ ነው፤ ዝቅ ቢል ኖሮ ሞተሩ ሲያፏጭ በተሰማን ነበር። ሦስተኛው ሽቦ በአንድ ዙር ሁለት ምት ይልካል፤ ካርዱም ምቶቹን ቆጥሮ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ ያሰላል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በመቶኛው የተላከ ትእዛዝ ነው፤ የዙሩ ቁጥር ግን ፋኑ የሰጠው መልስ ነው። 50 በመቶ ማለት የግድ የግማሽ ፍጥነት ማለት አይደለም፤ ደግሞም ዘንጉ የተበላሸ ፋን 60 በመቶ ታዝዞ ዜሮ ዙር ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ «ፋኑን ይመልከቱ» ባልሁበት ሁሉ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እንዲያዩ ማለቴ ነው።

ምልክቱን የሚያመነጨው ሁልጊዜም ካርዱ ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ነው። በካርዱ ላይ የሚገኝን ፋን የትኛውም ፕሮግራም በቀጥታ አይነካውም፤ ፕሮግራሙ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ይጠይቃል፣ ድራይቨሩም ለካርዱ ፈርምዌር (በካርዱ ውስጥ ለሚሠራው የራሱ ፕሮግራም) ያስተላልፋል። ልዩነቱ ያለው እንግዲህ በአዟሪው ሳይሆን በወሳኙ ላይ ነው፤ ወሳኙም ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ ፋብሪካው በካርዱ ባዮስ (ካርዱ ሲነሣ በሚያነበው ቋሚ ማኅደር) ውስጥ በጻፈው ሠንጠረዥ መሠረት ፈርምዌሩ ራሱ ሲወስን ነው፤ ይህ ንጹሕ የሃርድዌር ቁጥጥር ሲሆን ዊንዶውስ ባይጫን እንኳ ይሠራል። ሁለተኛው፣ እርስዎ በፕሮግራም የሣሉት ከርቭ ወደ ካርዱ ተጭኖ ከዚያ በኋላ ውሳኔውን ፈርምዌሩ ሲሰጥ ነው። ሦስተኛው፣ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በየጥቂት ሴኮንዱ ሙቀቱን አንብቦ፣ ከርቩን ተመልክቶ አንድ ቁጥር ሲልክ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በስክሪን ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም መስመርና ነጥብ ያሳያሉ። በተግባር ግን አንዱ ደንብ ጽፎ የሚሄድ አለቃ ሲሆን፣ ሌላው በየደቂቃው እየተመላለሰ የሚያዝዝ አለቃ ነው፤ እየተመላለሰ የሚያዝዘው አለቃ የታመመ ዕለት ሥራ ይቆማል።

ሶፍትዌር ሲሳሳት የሚደርሰው ነገር የግምት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ 196.75 የተባለውን ድራይቨር ካወጣ በኋላ፣ በአንዳንድ ካርዶች ላይ የፋን ቁጥጥሩ በትክክል እንደማይሠራና ካርዶቹ ከመጠን በላይ እንደሚግሉ ሪፖርት ስለተደረገ ድራይቨሩን ከስርጭት አንሥቶታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ደግሞ ተፎካካሪው ኤኤምዲ ክሪምሰን የተባለውን አዲስ ሶፍትዌር ሲያወጣ በአንዳንድ የራዲዮን ካርዶች ላይ ፋኑ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ተቸንክሮ ቀረ፤ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ለቀቀ። በሁለቱም ጊዜ ስሕተቱ የነበረው ከአምራቾቹ በመጣ ሶፍትዌር ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ተጨማሪ ፕሮግራም ያልጫነ ሰውም አላመለጠም።

ካርዱ የመጨረሻ መከላከያ አለው። ሙቀቱ ገደቡ ጋ ሲደርስ የሥራ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ይጠፋል። ይህ ካርዱን ከመቃጠል ለማዳን የተበጀ ነው፤ በየቀኑ ሊደገፉበት ግን አይገባም። የወዳጄ ካርድ አልተቃጠለም፤ የደንበኛው ቪዲዮ ግን በሰዓቱ አልደረሰም።

አንደኛ፦ ምንም ሳይነኩ መለካት

በመጀመሪያ ማሽኑን ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ ኬዙን ከፍተው አቧራውን ያውጡ። በአቧራ በታፈነ ራዲያተር (የካርዱ ማቀዝቀዣ ብረት) ላይ የተሣለ ከርቭ አቧራው የወጣ ዕለት ዋጋ ቢስ ይሆናልና ይህን አይዝለሉት። በአየር ግፊት ሲያጸዱ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት፤ በነፋሱ ኃይል ከዐቅሙ በላይ ሲሽከረከር ዘንጉ ይጎዳል፣ ሞተሩም እንደ ዲናሞ ሆኖ ወደ ካርዱ ኤሌክትሪክ ሊመልስ ይችላል።

ከዚያ ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ ከተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች አንዱን ይጫኑ። እነዚህ የሚያነቡ እንጂ ፋን የሚያዝዙ እንዳይሆኑ በቅንብራቸው ያረጋግጡ፤ በተለይ ኤችደብሊውኢንፎ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ፋን የማዘዝ ዐቅም ስላለው ያንን ክፍል አይንኩ። ሌላ የፋን ፕሮግራም ካለ ዘግተው ማሽኑን ሪስታርት ያድርጉ፤ አሁን የሚያዩት የፋብሪካውን ከርቭ ነው። ማሽኑን ሥራ ፈትቶ 15 ደቂቃ ይተዉት፤ ቀጥሎ የዘወትር ሥራዎን፣ ሬንደርም ይሁን ጌም፣ ለ30 ደቂቃ ያሠሩት። በሁለቱም ጊዜ የዋናውን ቺፕ ሙቀት፣ ሆት ስፖት የሚባለውን የቺፑን እጅግ የጋለ ነጥብ፣ ካርዱ የሚያሳይ ከሆነ የሜሞሪውን ሙቀት፣ የፋኑን በመቶኛና የዙሩን ቁጥር፣ እንዲሁም የክፍሉን ሙቀት በደብተር ይመዝግቡ። ደብተር ያልሁት በቀልድ አይደለም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ድሮ ስንት ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ከሐሳብ የሚመልስ ሰው አላጋጠመኝም።

የሜሞሪው ሙቀት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 በወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች አርቲኤክስ 3080 እና 3090 ላይ ያለው ጂዲዲአር6ኤክስ የተባለ ሜሞሪ፣ ዋናው ቺፕ ደኅና ሙቀት ላይ እያለ 100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ 110 አካባቢ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ይቀንሳል። የዋናውን ቺፕ ሙቀት ብቻ የሚያነብ የሶፍትዌር ከርቭ ይህን ሁሉ አያይም። በዋናው ቺፕ 65 ዲግሪ ተደስተው ፋኑን ዝምተኛ ያደረጉ ብዙ ሰዎች ሜሞሪውን እየጠበሱት እንደነበር ያወቁት ዘግይተው ነው።

አንድ ነገር ስለ አገራችን ላክል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ዙር ሲዞር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት አንድ ነው፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው ሙቀት ተሸካሚ አየር ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ከተማ የተቀዳ የካርድ ግምገማ ላይ ያዩትን ከርቭ እንዳለ ቢገለብጡት፣ በተመሳሳይ የክፍል ሙቀት ካርድዎ ከእነሱ ይልቅ ይግላል። እርግጥ የአዲስ አበባ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል፤ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ደግሞ የተገላቢጦሹ ያጋጥመዋል። ከርቭ በየራስ ክፍል የሚለካ እንጂ የሚዋስ አይደለም።

ሁለተኛ፦ አሁን ማን እያዘዘ እንደሆነ መፈተን

የፋን ፕሮግራም ከነበረዎት መልሰው ይክፈቱትና እንደወትሮው ያሠሩት። ካርዱ ቀዝቅዞ ፋኑ ቀስ ብሎ እየዞረ ሳለ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፕሮግራሙን በግድ ያቋርጡት። በመውጫው ቁልፍ መዝጋት ለዚህ ፈተና አይበቃም፤ በሥርዓት የሚዘጋ ፕሮግራም ቁጥጥሩን ለካርዱ መልሶ ሊወጣ ይችላል፤ እኛ ግን ማየት የፈለግነው ሳይሰናበት ሲሞት የሚሆነውን ነው።

አሁን ከባድ ሥራ ያስጀምሩና ዓይንዎን ከዙሩ ቁጥር ላይ አይንቀሉ። ሙቀቱ ሲወጣ ዙሩም አብሮ ከወጣ ውሳኔው በካርዱ እጅ ነው። ሙቀቱ 60፣ 70 እያለ ሲወጣ ዙሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን ውሳኔው በሞተው ፕሮግራም እጅ ነበር፤ ካርዱ የእሱን የመጨረሻ ቃል ይዞ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ 80 ዲግሪ ሳይደርስ ሥራውን ያቁሙና ማሽኑን ሪስታርት ያድርጉ። ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እስከዛሬ ካገዝኋቸው ሰዎች ውስጥ ግን ከርቭ ከመሣሉ በፊት ይህን የሠራ አላገኘሁም፤ እኔም ራሴ ከወዳጄ ማሽን በፊት ሠርቼው አላውቅም።

ሦስተኛ፦ በሃርድዌር በኩል ያለውን ማስተካከል

ብዙ ካርዶች በጠርዛቸው ላይ ጥፍር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለች መቀየሪያ አለቻቸው። በካርዱ ውስጥ ሁለት ባዮስ ስላለ መቀየሪያዋ ከሁለቱ አንዱን ትመርጣለች፤ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ጸጥተኛ፣ ሌላኛው ፈጣን ፋን ያለው ነው። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ይቀይሯትና የአንደኛውን ደረጃ ልኬት ይድገሙ። አንዳንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ከርቭ ሲሥል ከርሞ የሚፈልገው ነገር እዚህች መቀየሪያ ሥር ተቀምጦ ያገኘዋል።

የራዲዮን ካርድ ያለዎት ከሆነ አድሬናሊን የተባለውን የኤኤምዲ ፕሮግራም ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ከሚለው ውስጥ ቱኒንግ ወደሚለው ይግቡና የፋን ቅንብሩን ያብሩ። አምስት ነጥብ ያለው ከርቭ ይመጣልዎታል፤ ዜሮ አርፒኤም የሚለው ምርጫ ደግሞ ካርዱ ሲቀዘቅዝ ፋኑ ጨርሶ እንዲቆም ወይም ሁልጊዜ እንዲዞር ይወስናል። በአዳዲሶቹ የራዲዮን ትውልዶች ይህ ከርቭ ወደ ካርዱ ይጫናል፤ ውሳኔውንም ፈርምዌሩ ይሰጣል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለው ነጻ የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራምም በአዳዲስ እትሞቹ፣ በፋን ገጹ ላይ የፈርምዌር ቁጥጥር ሁነታ የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ ካርድዎ የሚደግፈው ከሆነ ምልክት ያድርጉበትና የሁለተኛውን ደረጃ ፈተና እንደገና ይሥሩ። ምልክት ማድረግዎ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ፈተናው ነው።

እርስዎ የጫኑት ከርቭ ከፋብሪካው ከርቭ የሚለየው ቋሚ ባለመሆኑ ነው። መብራት ሲሄድ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ካርዱ በፋብሪካው ከርቭ ይነሣና የእርስዎን የሚመልሰው ዊንዶውስ ገብቶ ፕሮግራሙ ሲጀምር ነው። አድሬናሊን ማሽኑ በድንገት መጥፋቱን ካየ ያስተካከሉትን ትቶ ወደ ፋብሪካው ቅንብር የሚመለስበትም ጊዜ አለ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ያበሳጫል፤ የጠፋው ወደ ደኅናው ወገን ስለሆነ ግን እኔ አላማርርበትም።

የካርዱን ባዮስ ራሱን አርሞ መልሶ መጻፍ ከርቩን ቋሚ የሚያደርግ ብቸኛ መንገድ ነው፤ አልመክረውም። በኤንቪዲያ በኩል ከፓስካል ትውልድ፣ ማለትም ከ2016 ጀምሮ፣ ካርዱ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ባዮስ ስለማይቀበል የታረመ ባዮስ የመጫኛው መንገድ በአብዛኛው ተዘግቷል። በሌሎቹም ላይ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ካርዱ ስክሪን የማያበራ ዕቃ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አራተኛ፦ የሶፍትዌር ከርቭ መሣል ካስፈለገ

ካርድዎ የፈርምዌር ከርቭ የማይቀበል ከሆነ፣ የፋብሪካውም ከርቭ ለሥራዎ የማይመች ከሆነ፣ የቀረው በሶፍትዌር ማዘዝ ነው። በአፍተርበርነር ላይ የጥርስ ምልክት ያላትን የቅንብር ቁልፍ ተጭነው ወደ ፋን ገጽ ይሂዱና በተጠቃሚው የሚወሰነውን የሶፍትዌር ቁጥጥር የሚያበራውን የመጀመሪያውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት። አግድም መስመሩ ሙቀት፣ ቁም መስመሩ የፋን በመቶኛ ነው፤ ነጥቦቹን በማውዝ ይጎትቷቸዋል።

ለወዳጄ ካርድ ያኔ የሣልሁትን እንደ ምሳሌ ላቅርብ። በ40 ዲግሪ 30 በመቶ፣ በ55 ዲግሪ 38፣ በ65 ዲግሪ 50፣ በ75 ዲግሪ 70፣ በ83 ዲግሪ 100። እስከ 55 ድረስ መስመሩ ተኝቷል ማለት ይቻላል፤ በዚህ ክልል ውስጥ ካርዱ አደጋ ስለሌለበት ጸጥታ ይሻላል። ከ55 እስከ 65 ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ማታ በከባድ ሬንደር ጊዜ ካርዱ እንዲረጋ የፈለግሁት ከ65 በላይ ጥቂት ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ ቁልቁለቱ እጅግ ቀጥ ያለ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርዱ በሚረጋበት ሙቀት ላይ መስመሩ ሽቅብ ቀጥ ካለ፣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፋኑ ይጮኻል ዝም ይላል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከማይለወጥ ድምፅ ይልቅ በሚለዋወጥ ድምፅ ይሠቃያል። ከ75 በላይ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ስለ ጆሮ አናስብም። የፋን ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጩኸቱ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል።

ከርቩን ሲሥሉ በመጀመሪያው ደረጃ የመዘገቡትን የፋብሪካ ቁጥር አጠገብዎ ያድርጉት። ከ70 ዲግሪ በላይ ባለው ክልል ከፋብሪካው በታች አይውረዱ። ፋብሪካው ሜሞሪውንና የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ለክቶ ነው የጻፈው፤ እኛ የምናየው ግን ከሙቀቶቹ አንዱን ብቻ ነው።

ከነጥቦቹ ሥር ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ ብዙ ሰው አይነካቸውም። አንደኛው ፕሮግራሙ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚያዝዝ በሚሊሴኮንድ ይወስናል፤ 5000 ማለት በየአምስት ሴኮንዱ ማለት ነው። ወደ 2000 ማውረድ ፋኑ ቶሎ እንዲነሣ ያደርጋል፤ ከዚያ በታች ግን ጥቅም አላየሁበትም። ሁለተኛው ሂስተሪሲስ ይባላል፦ ሙቀቱ ሲወርድ ፋኑ ወዲያው እንዳይከተል፣ ከመቀነሱ በፊት ሙቀቱ ስንት ዲግሪ መውረድ እንዳለበት የሚወስን ነው። 4 ወይም 5 ዲግሪ ይስጡት። ይህ ቁጥር በተለይ ፋኑ እንዲቆም በተፈቀደባቸው ካርዶች ላይ ወሳኝ ነው፤ ካልተሰጠ ካርዱ በመነሻው ሙቀት አካባቢ ሲዋልል ፋኑ ተነሣ፣ ቆመ፣ ተነሣ፣ ቆመ እያለ ይውላል፤ ፋን ደግሞ መዞሩን ለመቀጠል ከሚፈልገው ይልቅ ከቆመበት ለመነሣት የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። በብዙ የኤንቪዲያ ካርዶች ድራይቨሩ ከዜሮ በስተቀር ከ30 በመቶ በታች የሆነ ትእዛዝ አይቀበልም፤ ከርቩን 20 ላይ ቢያደርጉትና ፋኑ ባይታዘዝ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ሁለት የፋን ፕሮግራም በአንድ ማሽን ላይ አይጫኑ። አንዱ 40 ሲል ሌላው 60 ይላል፤ ካርዱም የመጨረሻውን ተናጋሪ ይሰማል። የካርድ አምራቾች ከመብራት ማስዋቢያ ጋር አጣምረው የሚሰጧቸው ፕሮግራሞችም በዚህ ይቆጠራሉ።

ፕሮግራሙ ከዊንዶውስ ጋር እንዲነሣ ማድረግዎን ያረጋግጡ፤ ይህም ሲሆን የይለፍ ቃል ገጽ ላይ ቆሞ በሚጠብቅ ማሽን ላይ ፕሮግራሙ ገና እንዳልጀመረ ይወቁ። ለሊት መብራት ሄዶ ቢመጣና ማሽኑ ራሱን ቢያስነሣ እስኪገቡ ድረስ የሚሠራው የፋብሪካው ከርቭ ነው። ከሁሉም በላይ ማሽኑ ወደ እንቅልፍ ሁነታ እንዳይገባ ይከልክሉ፤ የወዳጄ ችግር የመጣው በዚያ በር ነው።

ስለ ሊኑክስ በአጭሩ። በቆየው የራዲዮን ድራይቨር ውስጥ የፋኑ ሁነታ በአንድ ፋይል ይጻፋል፤ 2 ካለበት ካርዱ ራሱ ያዝዛል፣ 1 ካለበት የሚያዝዙት እርስዎ ነዎት፣ ፍጥነቱም ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይሰጣል። 1 ጽፎ ረስቶ መሄድ እላይ ከነገርኋችሁ ታሪክ ጋር አንድ ነው። በአርኤክስ 7000 ትውልድ ግን ይህ በእጅ የማዘዝ በር ተዘግቶ፣ ከከርነል 6.7 ጀምሮ አምስት ነጥብ ያለው ከርቭ ለፈርምዌሩ መስጠት ብቻ ተፈቅዷል። የተቆጡ ተጠቃሚዎች አሉ፤ እኔ ግን አምራቹ የወሰነው ትክክል ይመስለኛል።

አምስተኛ፦ ሶፍትዌሩን በሚገባው ቦታ ማሠራት

እስካሁን ስለ ሶፍትዌር ድክመት ብዙ ብያለሁ፤ ሃርድዌሩም ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለበት። የካርዱ ፈርምዌር ስለ ራሱ ፋን እንጂ ስለ ኬዙ ፋኖች አያውቅም፤ ማዘርቦርዱም በራሱ ባዮስ የኬዝ ፋኖችን ሲያዝዝ በአብዛኛው የሚያየው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ነው። ግራፊክስ ካርዱ 300 ዋት ሲያነድድና ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ የኬዙ ፋኖች ተኝተው የጋለውን አየር እዚያው ያሽከረክሩታል፤ ካርዱም የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል።

ይህን የሚፈታው ሶፍትዌር ነው። ፋን ኮንትሮል የተባለው ነጻ ፕሮግራም የኬዝ ፋኖችን ከግራፊክስ ካርዱ ሙቀት ጋር ለማያያዝ፣ ወይም ከሁለት ሴንሰሮች የሚበልጠውን መርጦ ለመከተል ያስችላል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙን ሲከፍቱ የሚያገኛቸውን ፋኖች ይዘረዝራል፤ የግራፊክስ ካርዱን ፋን ሳያበሩ ይተዉት፣ የኬዙን ፋኖች ብቻ ያብሩ፤ ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ ሙቀት ትልቁን የሚወስድ ድብልቅ ሴንሰር ይፍጠሩ፤ በዚያ ላይ ከርቭ ይሣሉና ዝቅተኛውን ከ40 በመቶ በታች አያድርጉት። እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ ቢሞት እንኳ የኬዙ ፋኖች ባሉበት ይቀራሉ እንጂ የካርዱ ፋን በራሱ ፈርምዌር መታዘዙን ይቀጥላል። የሚያጡት ምቾት ነው።

የካርዱን ፋን ነቅለው ትልቅ የኬዝ ፋን አሥረው ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ጸጥታው ደስ ይላል። ሆኖም የካርዱ የፋን ሶኬት ከተለመደው ስለሚያንስ አገናኝ ገመድ ያስፈልጋል፤ የማዘርቦርዱ ሶኬት ደግሞ በተለምዶ የሚችለው 1 አምፔር ነው፤ ሦስት ፋን በአንድ ሶኬት ላይ ከመደርደርዎ በፊት በፋኖቹ ጀርባ የተጻፈውን አምፔር ይደምሩ። ዋናው ችግር ግን የማዘርቦርዱ ባዮስ የካርዱን ሙቀት አለማየቱ ነው። ፋኖቹን በአገናኝ ገመድ ከካርዱ ከራሱ ሶኬት ጋር ማገናኘት፣ ወይም አንዳንድ የኤሱስ ስትሪክስ ካርዶች ለኬዝ ፋን ብለው በጀርባቸው የሚያቀርቡትን ሶኬት መጠቀም፣ ውሳኔውን እዚያው ካርዱ ላይ ያቆየዋል።

ስድስተኛ፦ ጨርሰው ከመሄድዎ በፊት

ሁሉንም ካስተካከሉ በኋላ አራት ነገር በተራ ይፈትኑ፤ እያንዳንዱን ሲፈትኑ ከባድ ሥራ ያስጀምሩና ዙሩ ከሙቀቱ ጋር መውጣቱን ይዩ። ፕሮግራሙን በግድ ያቋርጡት። ማሽኑን አስተኝተው ይቀስቅሱት። ሪስታርት አድርገው የይለፍ ቃሉን ሳያስገቡ አሥር ደቂቃ ይተዉት፤ በዚህ ጊዜ ሥራ ስለማይኖር ፋኑ እንደ ፋብሪካው መሆኑን በጆሮ መስማት ይበቃል። በመጨረሻም ድራይቨሩን ባሳደሱ ቁጥር ከላይ ያሉትን ይድገሙ፤ የ2010 እና የ2015 ክስተቶች የመጡት በድራይቨር እድሳት ነው።

የወዳጄ ማሽን አሁን የሚሠራው በሁለት ወሳኝ ነው። የካርዱን ፋን መቀየሪያዋ ወደ ፈጣኑ ባዮስ ተደርጋ ካርዱ ራሱ ያዝዘዋል፤ የሣልሁለትን ከርቭ ራሴው አጥፍቼዋለሁ። የኬዙን ሦስት ፋኖች ፋን ኮንትሮል ያዝዛቸዋል። በከባድ ሬንደር ካርዱ 71 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ ከበፊቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይጮኻል። እሱ ግን ሬንደሩን ካስጀመረ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ፋኖቹ ሲነሡ ሳይሰማ መኝታ ቤት አይገባም።